ቢጫው ምልክት መቼ መጣ?

ሚያዝያ 29፣ 2016

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ሶሲና ናት፣ የልጅ ልጄ። እናቷ ከሞተች ወዲህ አብረን ነን። «እማማ፣ አፍሽ ከጎረቤት ከሚያጣላን እዚህ ላይ አውጪው» አለችኝ። ጽሕፈት የተማርኩት በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከስሜ በቀር ብዙም አልጻፍኩ። ፊደል ብስት የሚስቅብኝ የለም። ማንም እንዲያየው አልፈልግም፣ ፍራሼ ሥር ነው የማስቀምጠው።

ሶሲና የምታጸዳበት ፎቅ አዲስ ነገር ገብቷል። ከኢንሹራንስ የመጣ ሰውዬ ወለሉን ዞሮ አይቶ «ዝናብ ሲሆን ሰው ይወድቅና ይከሳችኋል» አላቸው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ፋኑኤል ወዲያው ቢጫ ምልክት አስመጣ። በሁለት እግሩ እንደ መሰላል የሚቆም ፕላስቲክ ነው፤ ሰው ሲንሸራተት ተስሎበታል፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ጽዳቶቹን ሰብስቦ፣ ስትወለውሉ አቁሙት፣ ምልክቱ ካለ ጥፋቱ የወደቀው ሰው ነው፣ ከሌለ ግን የናንተ ነው አላቸው።

«የናንተ ማለት የማን?» አልኳት።

«የጽዳቶቹ።»

«የፎቁስ?»

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

እንግዲህ ይሄ ነገር የተገዛው ለሚወድቀው ሰው አይደለም፣ ለፎቁ ነው። እኔ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሳለሁ ዝናብ ሲመጣ በሩ ላይ ጆንያ እናነጥፍ ነበር። ጆንያ ጭቃ ይጠርጋል፣ ውሃ ይመጥጣል። ይሄ ቆሞ ከማየት በቀር ምን ይሠራል? ፋኑኤልን አላምነውም። ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በፎቁ በኩል አለፍኩ። ባቱሎ ፎቁ ውስጥ ላለው ካፌ ወተት አድርሳ ስትወጣ አገኘኋት። ባቱሎ ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ለአጥር ሆነን ነው ያረጀነው። የግመል ወተቱ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ከቀብሪበያ ይመጣላታል፣ እሷ በጀሪካን ለየካፌው ታዞራለች።

ቢጫውን በእግሯ ነካ አደረገችው። ናያ ነው የምትለኝ፣ በሱማልኛ አንቺ እንደ ማለት። «ናያ አስካለ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው የሚጨፍረው?»

«እየወደቀ ነው እንጂ!»

«አንድ እግሩን አንስቶ፣ እጁን ዘርግቶ? ይሄማ ሠርግ ቤት ነው።»

«ተጠንቀቁ ይላል እኮ ጽሑፉ።»

«በሱማልኛ ጽፈውታል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ለኔ አልተነገረኝም» ብላ ሳቀች። ዘበኛው ሱጉሌም ከበሩ ሆኖ ሳቀ። የሱ ሳቅ አላማረኝም። እኛ ምን እንደምናወራ ምን ያዳምጣል?

ግንቦት 6

ዝናብ። ባቱሎ ወደቀች። ፎቁ ውስጥ። ሆስፒታል መሄዴ ነው። ነጠላዬ የት ገባ።

ያው ቀን፣ ማታ

ዳሌዋ ተሰብሯል። ስትነካ ትጮሃለች፣ ሳትነካ ደግሞ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ። ሐኪሙ ብረት መግባት አለበት፣ ለዚህ ሐረር ውሰዷት አለ። ጀሪካኑ አብሯት መጥቷል። አልጋው ሥር አስቀምጠውታል። ክዳኑ እንደ ተጠበቀ ነው፣ ጠብ ያለ ወተት የለም።

ልጇ ዐብዲራሺድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፎቁ ጥፋቱን ካመነ የሚያሳክሟት እነሱ ናቸው። ካላመነ ፍራሽ ላይ መቅረቷ ነው፤ ቤታቸው ያለውንና የሌለውን እኔ አውቃለሁ።

ሶሲና ቤት የገባችው ጋውኗ በስብሶ ነው። ጫማዋ ጭቃ። ቤት ውስጥ የምትወለውል ልጅ ዝናቡ የት አገኛት? «ባጃጅ አጣሁ» አለች። እዚህች ድረስ ባጃጅ ይታጣል? ወንድ አለ። ፎቁ ሥር ነቢዩ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ አለ፣ ሰላምታው ረዘም ይላል። ዝናብ ላይ አቁሞ ሲያወራት ቆይቷል። ይሄን ልጅ እከታተለዋለሁ።

ግንቦት 8

ዐብዲራሺድ ዛሬ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማማ አስካለ፣ ቢጫው ምልክት ነበር ወይ?»

«እኔ እዚያ አልነበርኩ።»

«ሶሲናስ ምን አለች?»

«ሶሲና ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት» አልኩት።

ለምን እኔን ጠየቀኝ? ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ድምፅ እየቀዳ ይሆን? ይሄን ልጅ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ እኮ። ቢሆንም ሰው ያድጋል፣ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ በጥቅሻ ነው የመለስኩለት።

ግንቦት 10

ፋኑኤል ቤቴ መጣ! የማንጎ ጭማቂ በካርቶን ተሸክሞ። በሬን እንኳ ማን እንዳሳየው አላውቅም።

«እማማ አስካለማርያም፣ እንዴት ነዎት? እኔ እኮ ሶሲናን እንደ እህቴ ነው የማያት።»

«እህትህም ወለል ትወለውላለች?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሴትዮዋን ያንሸራተታት የራሷ ወተት ነው አለ።

«ጀሪካኑ እንዳልተከፈተ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ለነገሩ ምልክቱም ነበር፣ ፎቶ አለኝ» አለ።

በመጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ ቢጫ። እውነት ያለው ሰው እንዲህ ይዘላል? ሶሲና በሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሲወጣ «ተቆጣጣሪ ትሆኛለሽ ብያለሁ አይደል?» አላት። እኔ መቼ ሰማሁ? ለኔ ትንፍሽ አላለችም። ሹመት የሚደበቅ ነገር ነው እንዴ?

ጭማቂውን እሷም አልነካችው፣ እኔም አልነካሁት። ምን እንዳለበት ማን ያውቃል።

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

ሱጉሌን በሩ ላይ ያዝኩት።

«ያን ቀን ቢጫው የት ነበር?»

«ወላሂ እናቴ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው፣ ፕላስቲክ አልጠብቅም።»

«አፍህን ሰብስብና መልስልኝ።»

ሊመልስ ሲል የፋኑኤል መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሱጉሌ ሮጠ። ከመንገዱ ዳር ቀይ ኮን አነሳ፣ ከኮኑ አጠገብ ደግሞ ማንን ቢያነሳ ጥሩ ነው? ቢጫውን! ጭቃ ላይ አቁመውት ለመኪና ቦታ ይይዛል። ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ወለሉ ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል፣ ምንም አልቆመበትም።

«ይሄ የውስጡ አይደለም እንዴ?»

«ኮን አንሷል እናቴ። አለቃ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ዝናብ ነበር» አለና ዞረ። ዝናብ መልስ ነው?

ገባኝ። ባቱሎ ስትወድቅ ቢጫው ውጪ ነበር። ታዲያ ፎቶው ላይ እንዴት ገባ? ሱጉሌ ነው ያስገባው። ሌላ ማን እንዲያ ባለ ዝናብ ወጥቶ፣ ጭቃ ረግጦ ያመጣዋል? ዛሬ ራሴን ጎበዝ አልኳት።

ግንቦት 17

ሶሲና ዛሬም አልበላችም። «ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ከየት እንደ ጠገበች እንጃ።

ነቢዩን ሄጄ ያዝኩት። «ልጄን ዝናብ ላይ ታቆማታለህ?» አልኩት። «እማማ፣ እኔ እኮ ያን ሰሞን ድሬዳዋ ነበርኩ» አለ። ከጎኑ ያለውን ባለሱቅ ጠየቅኩት፣ ድሬዳዋ ነበር አለ። ማዶ ያለችውን ጠየቅኳት፣ እሷም ድሬዳዋ አለች። አስማምቷቸዋል።

ግንቦት 25

ባቱሎን ቤቷ አምጥተዋታል። ሐረር የሚባል ነገር የለም፣ ፎቁም ሽማግሌ ይየው እያለ ይጎትታል። እሷ ያቺ ከተማውን በእግሯ የምታዳርስ ሴት፣ ለመገላበጥ ሰው ትጠራለች። ገላዋን አብሰን ብቻችንን ቀረን።

«እንዴት ነሽ?»

«እንደ ተቀደደ ጀሪካን።»

«ስሚኝማ። ቢጫውን ሱጉሌ ነው ከወደቅሽ በኋላ ያመጣው። አይተሻል አይደል?»

ጣሪያውን አየች። «ከወደቅኩ በኋላ መምጣቱስ እውነት ነው።»

«ሱጉሌ ነው በይኛ!»

«እጅ አየሁ። ጭቃ ነክቶት ነበር።»

«የወንድ እጅ?»

«አስካለ፣ ውሃ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ጠጥታ ስታበቃ፣ «ዐብዲራሺድ በየቀኑ ማን አመጣው እያለ ይጠይቀኛል፣ አላየሁም እለዋለሁ» አለች።

«ለምን ትይዋለሽ?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

ባቱሎ! ከአጥር ማዶ ሆና የኔ ድስት ውስጥ ያለውን የምትናገር ሴት! ፋኑኤል ለሷም ጭማቂ ልኮላት ይሆን? ይሄን በመጻፌ አፈርኩ። ጻፍኩት ግን።

ሰኔ 2

ባቱሎ የወደቀች ቀን ሶሲና የለበሰችውን ጋውን አልጋዋ ሥር ተጠቅልሎ አገኘሁት። አልታጠበም። ጫፉ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አጠብኩት። ጅግጅጋ በዝናብ ጊዜ የት ነው ጭቃ የሌለው? ምንም ማለት አይደለም።

ገብታ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ አየችው።

«እማማ፣ ሰው ደንግጦ አንድ ነገር ቢያደርግ…»

«ምንም አላደረግሽም።»

«አልጨረስኩም እኮ።»

«አትጨርሺው። አለቃሽ ምን በይ አለሽ?»

«ምልክቱ ነበር በይ አለኝ። አለበለዚያ ያላቆምሽው አንቺ ነሽ፣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አለኝ።»

«እና በያ!»

አየችኝ። «ኤዶ ባቱሎስ?» አለች። ኤዶ ነው የምትላት ከልጅነቷ ጀምሮ፣ አክስቴ እንደ ማለት።

«ባቱሎ ልጅ አላት፣ ዘመድ አላት፣ ጎሳ አላት። አንቺ እኔ ነኝ ያለሁሽ» አልኩ። የኔ ጡረታ ሁለት ሰው አያኖርም። ለሷ ብዬ ነው። ሱጉሌ ነው ያመጣው። ሱጉሌ ነው።

ሰኔ 9፣ አረፋ

ባቱሎ በየአረፋው ሥጋ አትልክልኝም፣ የነሱን እርድ እንደማልበላ ታውቃለች፤ የምትልክልኝ ሐልዋ ነው፣ ጣፋጩን። ዘንድሮ ይቀራል ብዬ ነበር። መጣ። ፍራሽ ላይ ተኝታ ነው ያዘዘችው። ከነሳህኑ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 13

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እዚህ አገር ሰው ሲጎዳ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ ያየዋል። ባቱሎ መንቀሳቀስ ስለማትችል ግቢዋ ድረስ መጡ፣ እሷን ከነፍራሿ በሩ ላይ አወጧት። ዋናው ሽማግሌ አዴር ሀይቤ ናቸው፤ አዴር አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ፋኑኤል በፎቁ ባለቤት ፈንታ መጥቷል። ሱጉሌ በር ላይ ቆሟል፣ እዚህም ዘበኛ ነው። ሶሲና ከኔ ጎን ናት፣ ክንዷ እንደ በረዶ ነው።

ፋኑኤል ተነሳ። «ምልክቱ ነበር። ፎቶው ይኸው። ተጠንቀቅ ተብሎ የወደቀ ሰው፣ በራሱ ነው የወደቀው።»

አዴር ሀይቤ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። «ይሄ ነገር ምስክር ነው?»

«ማስረጃ ነው አዴር።»

«ምስክር ይጠየቃል። ይሄን መቼ መጣህ ብለው ይመልስልኛል?»

ሰው ሳቀ። ፋኑኤል ግን «የምትመልስ ሰው አለች» ብሎ ወደ ሶሲና አገጩን ቀሰረ።

ስልኩ እኔም ጋ ደረሰ። ቢጫው ቆሟል። እግሩ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ገና ሴራሚኩ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገቡ የባቱሎ ጫማ ተገልብጧል። ዳሩ ላይ የጋውን ጫፍ ይታያል። ፎቶው ጥራት የለውም። ቶሎ አሳለፍኩት።

ከዚያ እኔ ትንሽ ነገር ተናገርኩ። ማን ተነሺ እንዳለኝ አላውቅም። «እኔ በዚያ ሳልፍ ቢጫው ቆሞ አይቻለሁ» አልኩ። አይቻለሁ እኮ! በልደታ ዕለት አይቻለሁ። የቱን ቀን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይሄ ውሸት አይባልም።

ባቱሎ በክርኗ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ አዴር ሀይቤ ሶሲናን። «በሃይማኖትሽ ተናገሪ።»

ቀሚሷን ሳብኩ። ከእጄ አስለቀቀችና ተነሳች።

«አያቴ ያን ቀን እዚያ አልነበረችም» አለች። «ቢጫው ውጪ ነበር፣ የአቶ ፋኑኤልን መኪና ቦታ ይዞ። ወለሉን ወልውዬ ምልክቱን ስፈልግ አጣሁት። ዝናብ ነው ብዬ ሳልወጣ ቀረሁ። ኤዶ ባቱሎ ገቡና ወደቁ። ከዚያ ነው ሮጬ ያመጣሁት። እሳቸው እየጮሁ፣ እሳቸውን ሳላነሳ ምልክቱን አቆምኩ።»

ፋኑኤል ብድግ አለ።

«ነገ እንዳትመጪ!» አለ ፋኑኤል።

«ተቀመጥ» አሉት አዴር ሀይቤ። «ዋርያ፣ አንተ ሱጉሌ፣ ለመኪናው ማን አወጣው?»

ሱጉሌ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። አለቃ አዝዞኝ። በየቀኑ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ሄደው ተንሾካሾኩና ተመለሱ። «ወለሉ የፎቁ ነው፣ ምልክቱም የፎቁ ነው፣ መኪናውም የአለቃው ነው» አሉ አዴር ሀይቤ። «ሴትዮዋን ሐረር ወስዶ የሚያሳክማት ፎቁ ነው።» ፋኑኤል ስልኩን ይዞ ወጣ፣ ከባለቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ከአጥር ውጪ ይሰማል። ከዚያ ተመልሶ እሺ አለ።

ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል፣ አዴር ሀይቤ «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «ያልነበረችበትን የመሰከረች አለች። ጎረቤቷን አስቀይማለች። ሐል አለባት።» ሐል ይሉታል፤ ያስቀየመ የተቀየመውን የሚክስበት ነው። ሁሉም ወደ ኔ ዞረ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሐሌን ራሴ እጠራለሁ» አለች ባቱሎ። «ሐረር ይዛኝ የምትሄደው፣ አልጋዬ ሥር የምትቀመጠው አስካለ ናት። መንገዱን በሙሉ ግን አንዲት ቃል አትናገርም።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ዐብዲራሺድ «ኧረ እናቴ፣ ይሄስ በሰው ላይ አይፈረድም!» አለ።

ሰው ሲበተን ሶሲና ፍራሹ ሥር ተንበረከከች። «እጄን አይተውት ነበር አይደል? ለምን አልተናገሩም ኤዶ?»

«አንቺ ትናገሪ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለቻትና ጸጉሯን ነካካቻት። ወደ ኔ አላየችም።

ሰኔ 14

ሶሲና ከሥራ ወጣች። ጋውኑን መልሳ መጣች። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደ ተናደድኩ ግን አልለየሁትም። እራት ሳቀርብላት በላች። ጨመርኩላት፣ እሱንም በላች።

አላስችለኝ ሲል «እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ እማማ» አለች። ተቆጥታ ብትለው ይሻለኝ ነበር።

ፎቁ መኪና እልካለሁ ብሏል። መኪናው ካልመጣስ? ካልታየ አላምንም።

ሰኔ 18፣ ሐረር

መኪናው መጣ። ባቱሎን ከኋላ አስተኟት፣ ዐብዲራሺድ ከፊት፣ እኔ ከእግሯ ሥር። ካራማራን ስንወጣ ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል፣ በአንድ እጁ ይጠመዝዛል። አፌን ከፈትኩ፣ ባቱሎ ጣቷን አነሳች፣ ዘጋሁት። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጡት ከበቡን፣ ሴትዮዋ ጣሳውን በአውራ ጣቷ ሞልታ ስትሰፍርልን እያየሁ ዝም። ዐብዲራሺድ ለሾፌሩ የተሳሳተ መንገድ ሲያሳይ አውቄ ዝም። ሆዴ ተነፋ። ባቱሎ ስታየኝ ትስቃለች፣ ስትስቅ ዳሌዋን ያማታል፣ ሲያማት እኔን ትረግማለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቶሎ ተቀበሉን። ነጭ ልብስ አልብሰዋት በተሽከርካሪ አልጋ ገፏት። ዐብዲራሺድን ከመስመሩ እንዳያልፍ ከለከሉት፣ እኔን ሴት ስለሆንኩ እስከ በሩ ፈቀዱልኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ አልጋውን አቆሙት፣ ሐኪም እየጠበቁ። ባቱሎ እጄን ፈለገች። እጇ ቀዝቅዟል።

«ናያ አስካለ።»

ዝም አልኩ።

«ሐሌን ከፍለሻል። አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ፈርቻለሁ።»

ያን ጊዜ ጀመርኩ። ሾፌሩን ሰደብኩ፣ የሾፌሩን ስልክ ሰደብኩ፣ ዐብዲራሺድ የሳተውን መንገድ ከነኩርባው ተናገርኩ፣ ሻጯን ከነአውራ ጣቷ አነሳሁባት። ነርሷ «እማማ፣ ቀስ» አለችኝ፣ ባቱሎ «ተያት» አለቻት። አልጋው ተንቀሳቀሰ፣ እያወራሁ ተከተልኩ። እጇ ከእጄ ወጣ። በሩ ተዘጋ። በሩ ላይ አፌን አስጠግቼ ማውራቴን ቀጠልኩ።